በባዶው መስመር ላይ የተጻፈው

ሰው በአደባባይ ሲዋረድ ዐይቼ ደስ ያለኝ አንድ ቀን አለ። ያዋረድኩትም እኔ ነበርኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ማመን ይከብዳቸዋል። እኔ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እያፈርኩ፣ ከቤቴ አልፌ ከሌላ ሰው ጋር ወርጄ በእግሬ የምመለስ ሰው ነበርኩ።

ተወልጄ ያደግኩት ደባርቅ ነው። አባቴ ከዳባት ገጠር የመጡ መሪጌታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖሩ። እኔ ደግሞ ሴት ልጅ ስለሆንኩ ከጉባኤው ውጭ፣ ከግድግዳው ማዶ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አባቴ ያውቁ ነበር። ተማሪው ሲሳሳት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያርሙት ለእኔም እንዲሰማኝ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ አጎቴ አንድ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። አጎቴ ተራሮቹ ላይ ሳንቃ በር ካምፕ ስካውት፣ የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ፣ ነው። አንድ ሽማግሌ የውጭ አገር እንግዳ የተራራው ከፍታ ቢያሳምመው፣ አጎቴ በበቅሎ ጭኖ ወደ ታች እስከ ቡይት ራስ አውርዶት ነበር። ሰውየው በአገሩ የትልቅ ኦርኬስትራ ተጫዋች ነው። ሻንጣው ውስጥ አንድ ወፍራም የኖታ መጽሐፍ ይዞ ይዞር ነበር።

«ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ መጽሐፉን እየገለጠ በጣቱ አየር ይመታል» አለ አጎቴ እየሳቀ። «እብድ መስሎኝ ሁለት ቀን ከገደሉ ሳርቀው ነበር የቆየሁት። የወንድሜ ልጅ ዜማ ትወዳለች ብዬ በአስተርጓሚ ብነግረው ሰጠኝ።»

መጽሐፉ የአንድ ሲምፎኒ ሙሉ ኖታ ነበር። ሲምፎኒ ማለት ሰባና ሰማንያ ሰው አንድ ላይ የሚጫወተው፣ በአራት ክፍል የተከፈለ ረጅም ሙዚቃ ነው። ያቀናበረው ሰው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መጽሐፉ ግን አሮጌ አልነበረም፤ ያኔ በአቀናባሪው ዘመን የታተመውን፣ ያንኑ ጥንታዊ ፊደልና ጌጥ እንዳለ አንስተው በቅርብ ዓመታት መልሰው ያተሙት ነው። ይህም በመጀመሪያው ቅጠል ጀርባ በትናንሽ ፊደላት ተጽፎበታል።

አባቴ ቅጠል በቅጠል ገለጡት። «ይኼ የፈረንጅ ድጓ ነው» አሉ። ከዚያ በሁለተኛው ክፍል፣ በዝግታ በሚሄደው ላይ ቆሙ። በእያንዳንዱ ገጽ መሐል ሦስት ባዶ መስመሮች ነበሩ። የትሮምቦኖቹ፣ የትላልቆቹ የናስ መለከቶች፣ መስመር ነው። እስከ ክፍሉ መጨረሻ ድረስ ዝም ይሉና የመጨረሻዋን ስምንት ልክ፣ ፈረንጅ ባር የሚለውን፣ ብቻ ይጫወታሉ። አሳታሚው ግን ዝም በሚሉበትም ገጽ መስመራቸውን አልነፈጋቸውም። ይህን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሳውቅ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ቆመው ይቆጥራሉ?» አሉ። «መቋሚያ እንኳ ሳይኖራቸው?»

«ተቀምጠው ነው አባዬ።»

«እንዲያ ከሆነስ ይሁን።»

ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ልማር ስሄድ አባቴ ለመጽሐፉ ዳባት ልከው የቆዳ ማኅደር አሰፉለት፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ ልክክ ብሎ የሚገባበት። ከዚያ ራሳቸው በበጠበጡት ቀለም፣ ደቃቅ አድርገው፣ ከእነዚያ ባዶ መስመሮች በአንዱ ላይ በግእዝ ጻፉበት፦

*ዝንቱ መጽሐፍ ዘወለተ ሰንበት፣ ዘወሀባ አቡሃ። ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።*

ይህ መጽሐፍ አባቷ የሰጣት የወለተ ሰንበት ነው፤ የሰረቀው፣ የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ወለተ ሰንበት የክርስትና ስሜ ነው። መታወቂያዬ ላይ ያለው ስም ፋሲካ ነው።

«ለምን ከፊቱ አልጻፉትም?» አልኳቸው።

«ሌባ መጀመሪያ የሚቀደው የፊትና የኋላውን ቅጠል ነው። የመጽሐፍ ሆድ ግን ማንም አያይም። እኛ ዘንድ የደብሩን ስም ከሆዱ ነው የምንጽፈው።»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህር ዮናታን የሚባል አስተማሪ ነበረን። መልከ መልካም፣ ንግግር አዋቂ፣ ተማሪ ሁሉ የሚወደው። የመመረቂያ ሥራዬ ያን ዝግ ያለውን ክፍል ለዋሽንት፣ ለማሲንቆና ለክራር ማዘጋጀት ነበር። ሐሳቤን በእርሳስ መጽሐፉ ላይ በየኅዳጉ ጽፌ ነበር። አንድ ቀን ሲያየው ዓይኑ በራ።

«ሁለት ቀን ብቻ ስጪኝ፤ እመልስልሻለሁ» አለኝ።

ሰጠሁት። ሁለት ቀን ሁለት ሳምንት ሆነ። በስንት ትግል አፌን ከፍቼ ክፍል ውስጥ ብጠይቀው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «መልሼልሻለሁ እኮ» አለ። «የት ጥለሽው ነው?»

«አልመለሱልኝም መምህር።»

«እሺ ልጠይቅሽ» አለና ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ደባርቅ ላይ ሲምፎኒ ምን ያደርግልሻል? ማን ሊጫወተው ነው? ጭላዳዎቹ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጭላዳ የእኛ ተራራ ዝንጀሮ ነው፤ ደረቱ ቀይ የሆነው። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ የእነሱ ሳቅ አይደለም። እኔም አብሬ ፈገግ ማለቴ ነው።

መጽሐፉ ሳይመለስ ተመረቅኩ። በዚያው ዓመት አባቴ ታመሙ። ማኅደሩን እሳቸው ከሚተኙበት ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ሰቅዬው ነበር፤ ባዶነቱ እንዳያስታውቅ ሁለት ወፍራም ደብተር ከትቼበት።

«መጽሐፍሽ ደኅና ነው?» አሉኝ አንድ ከሰዓት።

«ደኅና ነው አባዬ።»

«ከማኅደሩ ነው?»

«አዎ።»

ደጋግመው አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሦስተኛው ቀን አረፉ። ለአባቴ የተናገርኩት የመጨረሻ ነገር ውሸት ነው። ያን ውሸት በአፌ ያስቀመጠው ዮናታን ነው። እንዲህ ብዬ ስድስት ዓመት ቂም ያዝኩበት።

* * *

አንድ ዓርብ ጧት፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ አቶ ጌትነት ሰው ላኩብኝ። አቶ ጌትነት የከተማችን የባህል ሥራ ኃላፊ ናቸው፤ ደግ፣ ሁልጊዜ የሚጣደፉ ሰው።

«ፋሲካ፣ ዛሬ የምትጠቅሚበት ቀን መጣ!» አሉኝ ቢሮ ስገባ። «ትልቅ ባንድ መጥቶልናል፤ ቫዮሊን በይው፣ ምን በይው፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ። ነገ ከቀትር በኋላ አዲሱ አዳራሽ ይጫወታሉ። መሪያቸው ደግሞ ለከተማው አንድ ታሪካዊ የሙዚቃ መጽሐፍ ያበረክታሉ። በከተማው ኖታ የምታነብ አንቺ ብቻ ነሽ፤ መጽሐፉን አይተሽ ለሕዝቡ የምታስተዋውቂው አንቺ ነሽ።»

«እኔ? ማይክራፎን ይዤ?»

«አይ እንግዲህ! ማይክራፎኑ አይነክስ።»

በሩ ተከፈተ። አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ሰው ገባ። ዮናታን ነበር፤ የባንዱ መሪ እሱ ነው። ትንሽ ወፍሯል።  እጁን ዘረጋልኝ፣ ዓይኔን አየኝ፣ አላወቀኝም።

«ደስ ይላል፣ እዚህም ሙዚቃ የተማረ ሰው አለ ማለት ነው» አለ። «የት ነው የተማርሽው?»

የዩኒቨርሲቲውን ስም ነገርኩት። «ኦ! እዚያ አስተምር ነበር እኮ። ግን ተማሪው ብዙ ነው፣ አይያዝም።»

ከቦርሳው መጽሐፉን አወጣ። ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ተደርጎለታል፤ በላዩ በወርቅ ቀለም የእሱ ስም፣ ከሥሩም «ከአባቴ ውርስ» ይላል።

«አባቴ በንጉሡ ዘመን ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር» አለ። «ይህ ከመቶ ዓመት በፊት የታተመ ነው። አገር ውስጥ ሁለተኛ የለውም።»

«ለአንድ ሰዓት ልየው?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«እንዴታ! ቀስ ብለሽ ብቻ፤ ቅርስ ነው።»

ባዶ ቢሮ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የፊተኛው ቅጠል የለም። ዳግመኛ የታተመ መሆኑን የሚናገረው ማለት ነው። የኋለኛውም የለም። የእርሳስ ጽሑፎቼ በላጲስ ጠፍተዋል፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ሳዘነብለው ግን ቦይ ቦዩ ይታያል፣ የገዛ እጄን በገዛ ዓይኔ አነበብኩት። ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል ገለጥኩ። ገጽ፣ ገጽ፣ ገጽ። አለ። የአባቴ ቀለም፣ ቡናማ ሆኖ፣ ከትሮምቦኖቹ ባዶ መስመር ላይ ተጋድሞ። *ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ።* ሰርቆታል። ፍቆታልም።

አላለቀስኩም። ጥርሴን ነከስኩ እንጂ።

መጽሐፉን ደረቴ ላይ ይዤ በጓሮ መውጣት እችል ነበር። ያኔ ግን ሌባዋ እኔ እሆናለሁ። ለአቶ ጌትነት መንገር እችል ነበር። እሳቸው ደግሞ ሁለታችንንም በር ዘግተው ያስቀምጡና፣ ሻይ አዘው፣ በሽምግልና ይጨርሱታል። እኔ ግን በዝግ ቢሮ አልተዋረድኩም።

ስወጣ ዮናታን በረንዳው ላይ ነበር። «እንዴት አገኘሽው?»

«መሐሉ ላይ የተጻፈ ነገር አየሁ፤ በግእዝ።»

ለአንድ አፍታ ዓይኑ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሳቀ። «እሱ የአባቴ ጸሎት ነው። ጴጥሮስ ወጳውሎስ የሚል አለበት አይደል? በጣም መንፈሳዊ ሰው ነበር።»

«አንድ አባት ነገ መድረክ ላይ ቢያነቡልንስ? የአገራችን ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል።»

«ድንቅ ሐሳብ!» አለ። «እንዲያውም ሲያነቡ ካሜራው ይቅረብ። አንቺ ጎበዝ ነሽ።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ያን ትከሻ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ታጠብኩት።

ወደ ግቢው ስወጣ ከአውቶቡሱ ዕቃ ያወርዱ ነበር። ሦስት ረጃጅም ጥቁር ሣጥኖች አየሁ። አንዱን የተሸከመውን ሽማግሌ ተጫዋች ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት።

«ትሮምቦን ነው እኅቴ» አለኝ። «ነገ ከመጽሐፉ ውስጥ ሁለተኛውን ክፍል ነው የምንጫወተው። ለእኛ ምቹ ነው፤ ተኝተን ተኝተን መጨረሻ ላይ እንነሣለን።»

 ያን ክፍል በወረቀት እያየሁ በጭንቅላቴ የሰማሁት ስንት ጊዜ እንደሆነ አይቆጠርም። ፊት ለፊቴ በሚጫወቱት መሣሪያ፣ ባለሁበት አየር ውስጥ ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። አሁን እነሆ ደባርቅ ድረስ መጣ። ተመልሼ አቶ ጌትነት ዘንድ ሮጥኩ።

«ሙዚቃው ይቅደም፣ ስጦታው ይከተል?»

«አይሆንም የኔ ልጅ። የክብር እንግዶቹ ስጦታውን አይተው ወዲያው ወደ ጎንደር ይመለሳሉ። ምነው?»

«ምንም።»

እንግዲህ ጉዳዩ ግልጽ ነበር። ዝም ካልኩ ሙዚቃውን እሰማለሁ፣ መጽሐፉም በእሱ ስም መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ከተናገርኩ መጽሐፌን አገኛለሁ፣ ሙዚቃው ግን አይኖርም፤ ሌባ ተብሎ የወረደ ሰው ተመልሶ ባንድ አይመራም።

ያን ከሰዓት የአባቴን የጉባኤ ጓደኛ የኔታ ጥበቡን ሄጄ ጋበዝኳቸው። አንድ የግእዝ ጽሑፍ ያነቡልናል አልኳቸው። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ታረቂ ይሉኛል።

«አንቺ ከጋበዝሽኝማ እመጣለሁ» አሉ። «የመሪጌታ ልጅ አፍ አውጥታ ሰው ጋበዘች!»

* * *

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎቼ ከኋላ ቆመዋል። ሙዚቀኞቹ መድረኩ ላይ መሣሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ሦስቱ ትሮምቦኖች ከጥግ። ውጭ የደባርቅ ንፋስ ቆርቆሮውን ያንገጫግጨዋል። ማይክራፎኑን ይዤ የተዘጋጀሁትን አራት መስመር አነበብኩ። ዮናታን ስለ አባቱ ተናገረ፤ ድምፁ ሁሉ ተሰበረ። ተጨበጨበለት። ከዚያ የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገጹን ገልጬ ሰጠኋቸው።

በከንፈራቸው አነበቡት መጀመሪያ። ቀና አሉ። እኔን አላዩኝም፤ ያዩት ዮናታንን ነው።

«ልጄ» አሉት፣ «ይህ ጸሎት አይደለም። እንደው ቢቀርስ?»

የኔታ ምን ያህል ጨዋ ሰው እንደሆኑ አስቡት። በር ከፈቱለት።  እሱ ግን ካሜራው ወደሚቀርጽበት ዞሮ ፈገግ አለ።

«ይነበብ እንጂ አባቴ! ተርጉመው ለሕዝቡ ያሰሙልን።»

«ይነበብ አልክ?»

«ይነበብ!»

የኔታ በዜማ መምህር ድምፃቸው፣ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል አሰሙት። ግእዙን ሲጨርሱ ከፊት የተቀመጡት ካህናት ተያዩ። ትርጉሙን ሲጨርሱ አዳራሹ ውስጥ ከቆርቆሮው በቀር ድምፅ አልነበረም።

«ወለተ ሰንበት ማን ናት?» አሉ የኔታ።

ዮናታን ሻርፑን አስተካከለ። «አያቴ ናት። የአባቴ እናት።»

«ነፍሷን ይማር። መቼ ዐረፈች?»

«ቆየች አባቴ። በንጉሡ ዘመን ነው የሞተችው።»

ማይክራፎኑ አሁንም እጄ ላይ ነበር። እንዴት ወደ አፌ እንደሄደ አላውቅም።

«የኔታ» አልኩ፣ «አልሞትኩም።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የኔታ መጽሐፉን እንደገና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አሁን ቃሉን ሳይሆን የጽሕፈቱን እጅ ነበር የሚያዩት።

«እግዚኦ» አሉ። «ይኼማ የጓደኛዬ እጅ ነው። እንዴት ቶሎ አላወቅኩትም! ይቺም ልጅ ወለተ ሰንበት መሆኗን እመሰክራለሁ፤ ስሟ ሲወጣ ቆሜያለሁ።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ማን ናት ይቺ?» አለ ዮናታን። «አስተዋዋቂዋ አይደለችም እንዴ?»

«ተማሪዎ ነበርኩ» አልኩ።  «ሁለት ቀን ብለው ወሰዱት። ይመልሱልኝ ስል ተማሪ ሁሉ እየሰማ ምን እንዳሉኝ ልንገርዎ? ደባርቅ ላይ ሲምፎኒ ማን ሊጫወተው ነው፣ ጭላዳዎቹ? አሉኝ።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አቶ ጌትነት ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ፤ አልጠበቅኳቸውም። ከወንበሬ ሥር ማኅደሩን አወጣሁ። ደብተሮቹን ጧት አውጥቼ ባዶ አድርጌው ነበር። መጽሐፉን ተቀብዬ ልክተተው ሞከርኩ። አልገባም። አዲሱ ጠንካራ ሽፋን ያዘው።

«አያችሁ?» ብሎ ጮኸ ዮናታን፣ ተስፋው ነፍስ ዘርቶ። «አይገባም! ውሸት ነው፣ አይገባም!»

 የኔታ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ከተቱና ብርዕ የሚቀርጹባትን ትንሽ ቢላ አውጥተው ሰጡኝ።

መጽሐፉን መድረኩ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ሽፋኑን ከጀርባው ቆረጥኩት። ቀስ ብዬ ነው የቆረጥኩት። የእሱን ስም የያዘው ካርቶን መሬት ወደቀ። መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ሽር ብሎ ገባ፤ አፉ ድረስ፣ ልክክ ብሎ።

አንድ ሴት እልል አለች። ወዲያው ከኋላ፣ ከተማሪዎቼ መካከል፣ አንዱ እንደ ጭላዳ ጮኸ። ልክ እንደ ጭላዳ፤ የእኛ ልጆች ያውቁበታል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያ ሳቅ ካህናቱን ያዘ፣ እንግዶቹን ያዘ፣ አንዱ ቫዮሊን ተጫዋች ሳይቀር ፊቱን በመሣሪያው ሸፈነ።

ዮናታን ማንን እንደሚያይ አጥቶ ቆመ። ከዚያ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ከውስጥ እየነደዱ ለሳቂው የሚሰጡት ፈገግታ ነው። ስድስት ዓመት ፊቴ ላይ የተሸከምኩት እሱን ነው። አሁን ባለቤቱ ተረከበኝ።

በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የጣፈጠኝ ነገር የለም። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

* * *

ሙዚቃው አልተካሄደም። አቶ ጌትነት በጭንቀት ላብ በላብ ሆነው ሕዝቡን አሰናበቱ። ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን ሲከቱ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ሽማግሌው ትሮምቦን ተጫዋች በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ሐቅሽ ነው» አለኝ። ወዲያው ደግሞ፣ «ብቻ ስምንቷን ልክ እንኳ ሳንጫወት መጣን፣ ሄድን» አለ። አውቶቡሱ በዳባት በኩል ወደ ጎንደር ሄደ። ሦስቱ ሣጥኖች ጣሪያው ላይ ታስረው እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው።

የኔታም ተቆጡኝ። «እኔን መሣሪያ አደረግሽኝ» አሉ። «እውነቱን ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ ራሴ እቆምልሽ ነበር። በማላውቀው ነገር ሰው አስወገዝሽኝ።»

«ያወገዘው አባዬ ነው።»

«እሱ የጻፈው ሌባ እንዲፈራ ነው፣ ልጁ እንድትስቅበት አይደለም።»  

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ዮናታን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። ነጠላው አለቦታው ተጣጥፏል። ከባንዱ ጋር አልሄደም።

«እናቴ ትናንት ማታ ቪዲዮውን በስልኳ አየችው» አለኝ። «ውግዘት ነው ብላ፣ ደውላ ቤቴ እንዳትገባ አለችኝ። የዚህን ደብር ቄስ ጠየቅኳቸው። የመጽሐፉ ባለቤት ይቅር ካላለችህ እኔ ከግዝቱ አልፈታህም አሉኝ።» ወደ መሬት አየ። «አጥፍቻለሁ። መጽሐፉ እጄ ላይ ሲቆይ የእኔ መሰለኝ። አንድ ቃል ነው ፋሲካ። ይቅር ብዬሃለሁ በይኝ።»

ስሜን አወቀው። ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይቅር ማለት እንዳለብኝ የምታስቡ አንባቢዎች ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ የተማርኩትም ይኸንኑ ነው። አንዳንዶቻችሁም አንድ ጊዜ ሰው ፊት ተሸማቃችሁ፣ አብራችሁ ፈገግ ብላችሁ፣ ሌሊት ሌሊት መልሱን ስታዘጋጁ የኖራችሁ ትኖራላችሁ። እናንተ የማወራውን ታውቃላችሁ። ያ ቀን የለወጠኝ ነገር አለ። ዛሬ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» እላለሁ፤ ጮክ ብዬ፣ ቤቴ በር ላይ እወርዳለሁ። ክፍል ውስጥ ተማሪ ተማሪን ሲያሾፍበት ትምህርቱን አቁሜ እጠብቃለሁ። የለወጠኝ መጥፎም አለ። የሰው ልብ ቁልፍ በእጅ መያዝ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ዐወቅኩ፤ ማወቄን እፈራዋለሁ።

የከፈልኩትንም አልክድም። ያን ሙዚቃ እስከ ዛሬ ፊት ለፊቴ ሲጫወቱት አልሰማሁትም። ደባርቅ ድረስ መጥቶ፣ ከእኔ አሥር እርምጃ ርቆ ተቀምጦ፣ ሳይነካ ተመለሰ። ለአባቴ የዋሸሁትም አልተነሣም። መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከፊቱ ግን የሚያየው የለም።

በዚያ እሑድ ግን ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ዮናታን ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ምዕመኑ በአጠገባችን ያልፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኩት።

«ሁለት ቀን ብቻ ስጠኝ» አልኩት። «እመልስልሃለሁ።»

ይኸው እስከ ዛሬ ይደውላል። ሁለቱ ቀን ገና አላለቀም።